የነጋዴ ሰላምታ እንዴት ይተርጐም?

ንግድ በዋጋና በሚዛን ብቻ የሚካሄድ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። የባንክ ሰነድ፣ የጉምሩክ ወረቀትና የዕቃው ናሙና ከተሟሉ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነገር ነው ይባላል። ነገር ግን ገዢና ሻጭ ስለ ዋጋ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ነገር በመካከላቸው ያልፋል፤ እርሱም ሰላምታ ነው። ሰላምታው በሥርዓቱ ሲሰጥ ዋጋው በቀና ልብ ይሰማል፤ ሰላምታው ሲበላሽ ግን ዋጋው ቢቀንስ እንኳ ጥርጣሬ አይቀርም። አባቶች «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ለገበታ ብቻ አይደለም፤ ለሱቅ ባንኮኒም ይሠራል።

ይህ ነገር የትኛውንም የንግድ ከተማ የሚመለከት ቢሆንም የአዳማንና የስምጥ ሸለቆን ከተሞች ግን በተለይ ይመለከታል። አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ወደ አርሲ የሚወጣው መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት። ከሞጆ ተገንጥሎ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ የሚደርሰውም መንገድ ከእርስዋ እምብዛም አይርቅም። ሽንኩርትና ቲማቲሙ ከመቂና ከባቱ፣ ጤፍና ቦሎቄው ከየገጠሩ፣ ከብቱ ከመተሐራ ሜዳ ይመጣል፤ የውጭው ዕቃ ደግሞ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ይገባል። አንድ ባለሱቅ ከጠዋት እስከ ማታ ከገበሬው ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ከጅምላ አከፋፋዩ ጋር በአማርኛ ይነጋገራል፤ ከውጭ አገር ላኪው ጋር ደግሞ በእንግሊዝኛ ይጻጻፋል። የመኪና ነጂዎቹ የአፋርንና የሶማሌን ቋንቋ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሰላምታን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር የዕለት ተዕለት የንግድ ሥራ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚታየው ትልቁ ስሕተት ሰላምታን እንደ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል መተርጐም ነው። ሰላምታ የሚተረጐመው በቃሉ ሳይሆን በአገልግሎቱ መሆን አለበት። ማለት፣ ያ ቃል በተናጋሪው ቋንቋ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ ታይቶ፣ በተቀባዩ ቋንቋ ውስጥ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ቃል ይፈለግለታል። የቃሉ ፍቺ ቢለያይ ጉዳት የለውም፤ ሥራው ከተለየ ግን ትርጉሙ ተበላሽቷል።

አማርኛ ሲሰላምታ ያለፈውን ይጠይቃል። «እንደምን አደሩ» የሚለው ሰው ስላለፈው ሌሊት ይጠይቃል፤ «እንደምን ዋሉ» የሚለው ስላለፈው ቀን፣ «እንደምን አመሹ» የሚለው ስለ ምሽቱ። ከዚህም አልፎ ቋንቋው የተለያዩበትን ጊዜ ርዝመት ለክቶ ይሰላምታል። ጥቂት ቀን ያልታየ ደንበኛ «እንደምን ሰነበቱ» ይባላል፤ ክረምቱን ሳይመጣ የቆየው «እንደምን ከረሙ»፣ በጋውን ያልታየው ደግሞ «እንደምን ባጁ» ይባላል። ባለሱቁ አንዲቱን ቃል በመምረጡ ብቻ «መቅረትዎን አውቄአለሁ፣ ጊዜውንም ቆጥሬአለሁ» ብሎታል። ይህን ያህል ነገር በአንድ ግሥ የሚናገር ሰላምታ በሁሉም ቋንቋ አይገኝም።

የእንግሊዝኛው «ጉድ ሞርኒንግ» ግን አንዳች አይጠይቅም። መጪው ጠዋት መልካም እንዲሆን ይመኛል እንጂ ያለፈውን ሌሊት አያነሣም። ስለዚህ መልሱ ያው ቃል ነው፤ አንዱ «ጉድ ሞርኒንግ» ሲል ሌላውም «ጉድ ሞርኒንግ» ይላል፣ ነገሩም አለቀ። አንድ የአዳማ ላኪ ለለንደን ቡና ገዢ በሚጽፈው ደብዳቤ «ሌሊቱን እንዴት አሳለፉት?» የሚለውን በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ቢያሰፍር፣ ገዢው ስለ መኝታው የተጠየቀ መስሎት ግራ መጋባቱ አይቀርም። በሌላ ወገን፣ የእንግሊዝኛው «ሀው አር ዩ» ጥያቄ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ መልስ አይጠብቅም። የጤናውን፣ የልጆቹንና የዝናቡን ሁኔታ በዝርዝር የሚመልስለት ሰው ቢያገኝ ጠያቂው ይደነግጣል።

አፋን ኦሮሞ በዚህ ረገድ የቆመው ከአማርኛ ጋር ነው። «አካም ቡልተን» የሚለው ሰላምታ ልክ እንደ «እንደምን አደሩ» ስላለፈው ሌሊት የሚጠይቅ ነው፤ «አካም ኦልተን» የሚለውም «እንደምን ዋሉ» ማለት ነው። እንግዳ ሲቀበሉ የሚባለው «በገ ነጋን ዱፍተን» በየቃሉ ቢፈታ «እንኳን በደህና መጡ» ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ ሕዝቦች ብዙ ዘመን በአንድ ገበያ መዋላቸውን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ስለዚህ በእነዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ሰላምታን ማሻገር ከእንግሊዝኛው ይልቅ ቀላል ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገሮችን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የአክብሮት ነገር ነው። አማርኛ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን፣ «እርስዎ»ንና «እናንተ»ን ይለያል። አፋን ኦሮሞም ለአንድ እኩያ «ቡልቴ» ሲል ለሚከበር ሰውና ለብዙዎች «ቡልተን» ይላል። አንድ የከተማ ልጅ ከመንገድ ላይ «አካም ቡልቴ» የሚለውን ብቻ ተምሮ፣ ከመቂ ሽንኩርት ይዘው ለመጡ ሽማግሌ ቢያቀርበው፣ በቋንቋቸው ለማናገር ያሰበው ሰላምታ «እንደምን አደርክ» ብሎ አዛውንትን ከማንተት አይሻልም። ከስም በፊት የሚገባውም መጠሪያ መታወቅ አለበት፤ አማርኛው «አቶ»ና «ወይዘሮ» የሚለውን አፋን ኦሮሞ «ኦቦ»ና «አዴ» ይለዋል። እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል «ዩ» ስለሚል ከእርሱ የሚተረጉም ሰው አድማጩን አይቶ ማክበሩን ከራሱ መጨመር ግዴታው ነው።

ሁለተኛው ነገር የድምፅ መመሳሰል ነው። ለአፋን ኦሮሞ ሰላምታ የሚሰጠው መልስ «ነጋ» ነው፤ ሰላም ነው ማለት ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ «ጠባ» የተባለ ሊመስለው ይችላል። ለሰላምታውም «ጠዋት መሆኑንማ አያለሁ» ብሎ ቢመልስ አያስቅም አይባልም። ከዚህም ሌላ የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቁቤ በተባለው በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ስለ ተወሰነ፣ የድምፁ መርዘምና መጥበቅ ፊደሉን በመደገም ይታያል። በሱቅ በር ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ የሚያሠራ ነጋዴ ፊደል ቆጥቦ ቢጽፍ ቃሉ ሌላ ቃል ሊሆንበት ይችላልና፣ ሠዓሊው ቀለሙን ከማንሣቱ በፊት ቋንቋውን አሳምሮ ለሚጽፍ ሰው ማሳየት ይገባል።

የእግዚአብሔር ስምም በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ ይገባል። «እንደምን አደሩ» የተባለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ በአፋን ኦሮሞም «ገለታ ዋቃ» ይባላል። በሦስቱም የሚመሰገነው ፈጣሪ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ሲባል የሚመሰገነው ጠያቂው ሰውዬ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» የሚለውም ቃል ሰጪውን ስሙን ሳይጠራ ፈጣሪን ያደርገዋል። አስተርጓሚ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ እያንዳንዱን ቃል ቢፈታ ለዋጋ የተቀመጠው እንግዳ ጸሎት የተጀመረ ይመስለዋል፤ ጨርሶ ቢዘለውም የአገሬውን ሰው መልካም ቃል ውጦ አስቀርቷል። ትክክለኛው መንገድ «ደህና ናቸው፤ እርስዎንም በአክብሮት ተቀብለዋል» የሚለውን አሳብ በእንግሊዝኛው ልማድ ማድረስ ነው።

እንዲያውም ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በአንድ ቃል መሳሳት ሳይሆን በሰላምታ ርዝመት ምክንያት ነው። በሸለቆው ገጠር ሰላምታ ረጅም ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ ተራ በተራ ይጠየቃል፤ ጥያቄውም ይደጋገማል። አንድ የውጭ ገዢ ከመኪናው ወርዶ ወዲያው «ኩንታሉ ስንት ነው?» ቢል ገበሬው የሚሰማው ችኮላን ሳይሆን ንቀትን ነው። ገበሬው ሰላምታውን ሲያስረዝም ደግሞ ገዢው ሰዓቱን እያየ «ዋጋውን ሊደብቀኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ሁለቱም ቅን ሰዎች ሳሉ ሁለቱም ይቀያየማሉ። በመካከል ያለው ደላላ ወይም ወኪል ቀድሞ ለእንግዳው «ሦስት ደቂቃ ሰላምታ አለ፤ የንግዱም መጀመሪያ እርሱ ነው» ቢለው፣ ለገበሬውም «የእርሳቸው አገር ልማድ አጭር ነው» ቢለው ይህ ሁሉ ቅያሜ በቀረ ነበር።

ረጅሙ ሰላምታ ከንቱ ወሬ አለመሆኑን ከአፋር ሕዝብ መማር ይቻላል። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ከየት እንደ መጡ፣ በመንገድ ምን እንዳዩ፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ የየአካባቢው ሰላምና ገበያ እንዴት እንደ ሆነ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ይህ ሰላምታ ለእረኛውም ለነጋዴውም እንደ ጋዜጣ የሚያገለግል ነው። በአዋሽና በጅቡቲ መስመር ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ይህን ሰላምታ ቢያሳጥር የሚያጣው ጨዋነትን ብቻ አይደለም፤ የገበያ ወሬውንም ያጣል።

ይህ ችግር ለኢትዮጵያ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ከሩቅ ምሥራቅ አንድ ምሳሌ ቢነሣ ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል፤ ምሳሌውም ኢንዶኔዥያ ናት። ለአዳማ ሰው ይህች አገር የምትመስለውን ያህል ሩቅ አይደለችም። ከአዳማ አጠገብ ያለውን የወንጂን የሸንኮራ እርሻ ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ፣ የስኳርን ሥራ ብዙ ዘመን ያካሄደው በጃቫ ደሴት ነበር። ኢንዶኔዥያ በ1937 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች በኋላ የሆላንድ ኩባንያዎች ኑሮ እየጠበበ ሲሄድ፣ ኤች ቪ ኤ በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በ1946 ዓ.ም. የወንጂን ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። በጃቫ የተገኘው የሸንኮራ ልምድ በዚህ መንገድ ወደ አዋሽ ዳር መጣ፤ ኩባንያው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት እስኪወረስም ድረስ በሸለቆው ቆየ። ሁለቱ አገሮች በመንግሥት ደረጃም የተገናኙት ዛሬ አይደለም። በሚያዝያ 1947 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ በባንዱንግ ከተማ በተደረገው የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ ላይ ከተገኙት 29 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

የኢንዶኔዥያ ሰላምታ ዋና ቃል «ሰላማት» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ስለሆነ አማርኛው «ሰላም» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው፤ ስለዚህ የአዳማ ነጋዴ ይህን ቃል ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። ነገር ግን አጠቃቀሙ ቀኑን በአራት ይከፍላል። ጠዋት «ሰላማት ፓጊ» ይባላል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ እስከ 9 ሰዓት «ሰላማት ሲያንግ»፣ ከዚያ እስከ ፀሐይ መግቢያ «ሰላማት ሶሬ»፣ ከመሸ በኋላ «ሰላማት ማላም» ይባላል። ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ሁለቱን የከሰዓት በኋላ ሰላምታዎች በአንድ «ጉድ አፍተርኑን» መጠቅለል ይኖርበታል። ከእንግሊዝኛ የሚመልስ ደግሞ ሰዓቱን ሳያይ መምረጥ አይችልም። «ማላም» ማለት ሌሊት ስለሆነ ቃል በቃል የተረጐመ ሰው «ጉድ ናይት» ይላል፤ እንግሊዞች ግን «ጉድ ናይት» የሚሉት ሲለያዩ ነው። ለእራት የመጣን እንግዳ በር ላይ «ጉድ ናይት» ማለት ገና ሳይገባ «ደህና ይደሩ» ብሎ መሸኘት ነው። አማርኛው «እንደምን አመሹ»ን ለመገናኛ፣ «ደህና ይደሩ»ን ለመለያያ በመለየቱ ትርጉሙ ከእንግሊዝኛው ጋር በቀላሉ ይገጥማል።

በመለያየት ጊዜ ግን ኢንዶኔዥያኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል። የሚሄደው ሰው የሚቀረውን «ሰላማት ቲንጋል» ይለዋል፤ የሚቀረው ደግሞ የሚሄደውን «ሰላማት ጃላን» ይለዋል። አማርኛም መንገደኛውን «በሰላም ይግቡ» ይለዋል፣ እርሱም ለሚቀረው «ደህና ይሁኑ» ብሎ ይመልሳል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ጉድ ባይ» ብቻ አለው። ደግሞም ኢንዶኔዥያውያን «አፓ ካባር» ብለው ሲጠይቁ በቃሉ «ምን ወሬ አለ?» ማለታቸው ነው፤ መልሱም «ባይክ» ማለትም «መልካም» ነው። ይህን ወደ እንግሊዝኛ «ሀው አር ዩ» ብሎ መመለስ ትክክል ነው፤ «ምን ዜና አለ?» ብሎ ለአንድ ነጋዴ ማቅረብ ግን የገበያ ምሥጢር የተጠየቀ ሊያስመስለው ይችላል። ትልቅ ሰውንም «ባፓ» ማለትም አባት፣ ሴቷንም «ኢቡ» ማለትም እናት እያሉ ያከብራሉ። «አባባ»ና «እማማ» ለሚል አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

ለነጋዴው ይህን ሁሉ ማወቅ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው የፓልም ዘይት ከሚመጣባቸው አገሮች ዋነኞቹ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው። ኢንዶሚ የተባለውም ፈጥኖ የሚበስል ምግብ ስሙን ያገኘው ከኢንዶኔዥያ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከገቡት የልብስ ስፌት ድርጅቶች መካከል የኢንዶኔዥያም ነበረበት። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ብሪክስ ከተባለው የአገሮች ማኅበር ስትገባ፣ ኢንዶኔዥያም በዓመቱ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ተከትላ ገብታለች። የደብዳቤ ልውውጥ እየበዛ እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም፤ ደብዳቤ ደግሞ የሚጀምረው በሰላምታ ነው።

ስለ ደብዳቤ ከተነሣ የስም አጠራር ከሁሉ ይቀድማል። በኢትዮጵያ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው እንጂ የቤተ ሰብ ስም አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ «ሚስተር» ብሎ ሁለተኛውን ስም ሲጠራ የሚሰላምተው አባትየውን ነው፤ እርሳቸው ምናልባት ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የኢንዶኔዥያም ሰው በዚሁ ነገር ይቸገራል፤ ብዙዎች አንድ ስም ብቻ አላቸው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፕሬዚዳንቶች ሱካርኖና ሱሃርቶም እንዲሁ ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱም ሲጻጻፉ የቤተ ሰብ ስም መፈለግ ትተው በመጀመሪያው ስም ላይ የአክብሮት መጠሪያ ቢጨምሩ ይበቃል። ለሌላው አገር ደንበኛ ግን «በዚህ ስም ጥሩኝ» የሚል አንድ መስመር ከፊርማው በታች መጻፍ ነገሩን ሁሉ ያቃልለዋል።

የደብዳቤው መግቢያና መዝጊያም እንዲሁ በአገልግሎቱ እንጂ በቃሉ አይተረጐምም። እንግሊዝኛው «ዲር ሰር» ሲል ፍቅሩን መግለጹ አይደለም። «ውድ ጌታዬ» ብሎ መተርጐም የንግዱን ወረቀት የወዳጅ ደብዳቤ ያስመስለዋል፤ በአማርኛው «ይድረስ ለ» ተብሎ የባለጉዳዩ ስምና ማዕርግ ከተጻፈ ተገቢው ተደርጓል። በእንግሊዞች ልማድ ስሙ ሳይጠራ «ዲር ሰር» ተብሎ የተጀመረ ደብዳቤ በ«ዩርስ ፌይዝፉሊ» ይዘጋል፤ ስሙ ተጠርቶ የተጀመረው ደግሞ በ«ዩርስ ሲንሲርሊ»። የአማርኛው «ከሰላምታ ጋር» ለሁለቱም ይበቃል። ጸሐፊው ይህን ካወቀ «እኔ ታማኝዎ» እያለ ያልተባለ ቃል ኪዳን በአለቃው ስም አይገባም።

ሰላምታና ሰዓት የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይጨመር። ኢትዮጵያዊ ሰዓቱን ከንጋት ይቈጥራል፤ እንግሊዙ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምራል። «ጉድ ሞርኒንግ» ብሎ የጀመረ የውጭ ወኪል «በዘጠኝ ሰዓት ሞጆ እንገናኝ» ቢል የእርሱ ዘጠኝ የአገሬው 3 ሰዓት ነው። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ቢያስተላልፍ መኪናው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። «ጉድ ሞርኒንግ» የሚለው ሰላምታ ራሱ ጠዋት መሆኑን ይመሰክር ነበርና፣ ሰላምታውን ልብ ያለ ሰው ቀጠሮውን ባልሳተ ነበር።

ሰላምታ ሁሉ መተርጐም አለበት ማለት ግን አይደለም። አንዳንዱ ራሱ ተሻግሮ ይመጣና አገሬ ይሆናል። ዛሬ በየመንገዱ የሚሰማው «ቻው» የጣልያንኛ ቃል ነው፤ መነሻውም በቬኒስ ሰዎች ንግግር «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነበር። ይህን ፍቺ አስቦ «ቻው» የሚል የአዳማ ልጅ የለም። በስልክ የሚባለውም «ሃሎ» እንዲሁ ሳይተረጐም ቀርቷል። ይህም የሚያሳየው ሰላምታ የሚኖረው በፍቺው ሳይሆን በሚሠራው ሥራ መሆኑን ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው «ዓለም ሁሉ በእንግሊዝኛ ይነግዳል፤ እርሱን ማወቅ ይበቃል» የሚለው ነው። ለሰነዱና ለውሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሽንኩርቱን የሚያመርተውም፣ ሸቀጡን በችርቻሮ የሚገዛውም ሰው ሰላምታውን የሚጠብቀው በእንግሊዝኛ አይደለም። በኦሮሚያ ከተሞች የሚነግድ ሰው የአገሬውን ሰላምታ በአገሬው ቋንቋ መስጠቱ ደግሞ የፖለቲካ ነገር ሳይሆን የደንበኛ ክብር ነው፤ አማርኛ ተናጋሪውን ደንበኛ በአማርኛ መሰላመትም እንዲሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አሁን ስልኩ ይተረጉማል» የሚለው ነው። የእጅ ስልክ ትርጉም ለብዙ ነገር ረድቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እንግሊዝኛው «ዩ» ሲል ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ልጅ በቃሉ ስለማያሳይ መሣሪያው መገመት ግድ ይሆንበታል። ከፊቱ የቆሙትን የተከበሩ አዛውንት የሚያየው ባለሱቁ ነው እንጂ ስልኩ አይደለም። በትርጉም ላይ ያለ አንዲት ግሥ ምን እንደምታመጣ ደግሞ ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1881 ዓ.ም. የተጻፈው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ አማርኛው ፈቃድ ያደረገውን ጣልያንኛው ግዴታ በማድረጉ የመጣው ጠብ በ1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ ድረስ ሄዷል። የሱቅ ሰላምታ ይህን ያህል ነገር አያስነሣም፤ ሆኖም በየቀኑ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ጉዳቱ ጥቂት በጥቂት ይከማቻል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የከተሞቹ የንግድ ምክር ቤቶች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ አንዲት የሰላምታ ገጽ አሳትመው ለባለሱቆች ቢያድሉ ይጠቅማል። ገጿ ቃላትን ብቻ አትደርድር፤ ሰላምታው ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ሲገናኙ ወይስ ሲለያዩ እንደሚባልና መልሱ ምን እንደሆነ ትናገር። ሁለተኛ፣ አስመጪና ላኪ ድርጅቶች ለጸሐፊዎቻቸው የደብዳቤ መግቢያና መዝጊያ ሥርዓት በአንድ ወረቀት ላይ ወስነው ይስጡ፤ በወረቀቱም ላይ የስም አጠራሩና የሰዓቱ አቈጣጠር ይመልከት። አድራሻ ሲጻፍም በውጭ አገር መዝገብ አንዳንዶች «ናዝሬት»፣ ሌሎች «አዳማ» ብለው ስለሚይዙ ሁለቱንም መጥቀስ ደብዳቤ እንዳይጠፋ ይረዳል። ሦስተኛ፣ አስተርጓሚና ደላላ የሚቀጥር ነጋዴ ከቋንቋው ዕውቀት ጋር የሰላምታ ሥርዓቱን ማወቁንም ይፈትን። እንግዳውን ወደ ገበሬው ከመውሰዱ በፊት የሁለቱን ልማድ ለሁለቱም ማስረዳት የሥራው ክፍል እንደሆነ በግልጽ ይነገረው።

በአዳማና በሸለቆው ከተሞች አዳዲስ የገበያ መንገዶች ከተከፈቱ ቆይተዋል። የኤሌክትሪኩ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የአዳማው የኢንዱስትሪ ፓርክም በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚህ ሁሉ ጋር ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ ይበዛል። ነጋዴው ለዕቃው ማሸጊያ፣ ለመጋዘኑ ጥበቃ፣ ለጭነቱ መድን ገንዘብ ያወጣል። ሰላምታ ግን ጉምሩክ የማይቀርጠው፣ መጋዘንም የማይፈልግ ሀብት ነው፤ በሚገባ ለተቀባዩ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ጥቂት ጥንቃቄ ብቻ ነው። ይህንንም ጥንቃቄ የንግድ ምክር ቤቶችና ነጋዴዎች ከዛሬ ጀምረው ሊያደርጉት ይገባል።